በ40 ተማሪ ተጀምሮ በ11 ያለቀ የቅዳሜ የኮዲንግ ትምህርት፦ ዘንድሮ ምን ይለወጥ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የ3ኛ ዓመት የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪዎች ነን፤ 9 ነን። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮግራሚንግ እናስተምራለን። ላቡ ውስጥ ካሉት 25 ኮምፒውተሮች የሚሠሩት 14 ናቸው፤ ዊንዶውስ 7፣ 2 ጊጋባይት ራም፣ ኢንተርኔት የለም። አምና በ40 ልጅ ጀምረን በ11 ጨረስን። ዘንድሮ ስክራች (ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት) ይሻላል ወይስ ፓይተን (ኮዱ በጽሑፍ የሚጻፍበት)? ሌላስ ምን እናስተካክል? ሰርተፍኬት እንስጥ ወይ?»

ልጆቹን ያስቀራቸው የመረጣችሁት ቋንቋ አይመስለኝም። 40 ልጅ ለ14 ኮምፒውተር ሲካፈል አንድ ኪቦርድ ላይ ሦስት ልጅ ይደርሳል። አንዱ ይጽፋል፤ ሁለተኛው አጠገቡ ሆኖ ያርመዋል፤ ሦስተኛው ግን ስክሪኑንም በወጉ አያየው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት የሚቀረው ያ ሦስተኛው ነው። በዚያ ላይ «የተመቸው ይሂድ» እያላችሁ ከተፈራረቃችሁ ልጁ በየቅዳሜው አዲስ ፊት ያገኛል። ባለፈው የት ላይ እንደቆመ የሚያውቅለት የለም፤ ሲቀርም «የት ጠፋህ?» የሚለው የለም። ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ የመለወጥ አቅም ቢኖራችሁ ይህን ለውጡ፦ ለአንድ ሜንተር 4 ልጅ፣ ከመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ሳይቀያየር።

ቁጥሩ እንዲህ ይወጣል። ከ14ቱ ኮምፒውተሮች 2ቱን ለመጠባበቂያ ያዙ፤ አንዱ መሃል ላይ መጥፋቱ አይቀርም። በቀሩት 12 ላይ ሁለት ሁለት ልጅ ሲቀመጥ 24 ልጅ፣ ማለትም 6 ቡድን ይሆናል። ከእናንተ 6ቱ አንድ አንድ ቡድን ይይዛሉ። ከቀሩት ሦስት አንዱ የዕለቱን ትምህርት ከፊት ሆኖ ይመራል፤ አንዱ የማሽንና የመብራት ነገር የእሱ ነው፤ አንዱ ተተኪ ነው። ተተኪው ጥግ ይዞ የሚቀመጥ አይደለም፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ቡድን ጋር እየተቀመጠ ልጆቹን በስም ይለይ። በሚድተርም ሰሞን ከሜንተሮቹ አንዱ የውሃ ሽታ ሲሆን ልጆቹ የሚያውቁት ሰው ይተካዋል። የተጠባባቂ ዝርዝር ላይ 6 ልጅ ያዙና እስከ 2ኛው ሳምንት ክፍት ቦታ ላይ አስገቡ፤ ከ3ኛው ሳምንት በኋላ ግን አዲስ ልጅ አትቀበሉ። «40 ልጅ ደርሰናል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ያጓጓል፤ ግን 24 ጀምሮ 20 የሚጨርስ ይበልጣል።

ልጆቹን ስትመርጡ ትምህርት ቤቱ ከ1ኛ እስከ 5ኛ የወጡትን ሊሰጣችሁ ይፈልጋል። ግማሹን እሺ በሉ፤ ግማሹን ግን በፍላጎት ሙሉት። ደረጃ የያዘ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ቲቶርያል ስላለው መጀመሪያ የሚቀረውም እሱ ነው። 12 መቀመጫ ለሴቶች ልጆች አስቀድማችሁ ያዙ፤ አንድን ልጅ ብቻዋን ሦስት ወንዶች መሃል አታስቀምጡ። ጌም ቤት የዋለ ወንድ ልጅ ኪቦርዱን ይቆጣጠራል፤ እሷም «እኔ አይገባኝም» ብላ ትደመድማለች። ያልገባት ግን ኪቦርዱ ስላልደረሳት ነው። ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ሴት ከሴት ጋር ቢጣመሩ ይህ ችግር በአብዛኛው ይቀላል። 12ኛ ክፍሎችን ተዉአቸው፤ ብሔራዊ ፈተና ስላለባቸው ዓመቱን ሙሉ ልባቸው እዚያ ነው።

ጥንዶቹ አንድ ኪቦርድ ላይ ሲቀመጡ ሹፌርና ረዳት ይሁኑ። ሹፌሩ ይጽፋል፤ መንገዱን የሚናገረው ግን ረዳቱ ነው። በየ10 ደቂቃው በሰዓት ይቀያየሩ። «ሲመቻችሁ ተቀያየሩ» ከተባለ ማንም አይቀያየርም። ከፊት ያለው ሰው ስልኩ ላይ ሰዓት ሞልቶ ይጩህ።

ሜንተሩ ደግሞ ኪቦርድ አይነካም። ይህን ሕግ ጥብቅ አድርጉት፤ በጣም የሚጣሰውም እሱ ነው። ልጁ ቅንፍ ረስቶ ሲቸገር እያያችሁ እጃችሁን መሰብሰብ ያንገበግባል፤ ግን እናንተ ከነካችሁት የተማረው ነገር «ሲበላሽ ቲቸር ያስተካክለዋል» የሚል ብቻ ነው። በምትኩ ሦስት ጥያቄ ያዙ፦ ምን እንዲሆን ፈልገህ ነበር? ምን ሆነ? ስህተቱ ስንተኛው መስመር ላይ ነው ይልሃል? ቀዩን የእንግሊዝኛ የስህተት መልእክት ልጁ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብበው። አብዛኛው ልጅ ቀይ ሲያይ አያነበውም፤ በደመ ነፍስ ይዘጋዋል። ለ5 የተለመዱ ስህተቶች (ሲንታክስ ኤረር፣ ኔም ኤረር፣ ታይፕ ኤረር፣ ኢንደንቴሽን ኤረር፣ ቫልዩ ኤረር) በአማርኛ የተብራራ አንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ በየጠረጴዛው ለጥፉ። የግድ ማሳየት ካስፈለገ ወረቀት ላይ ጻፉለትና እሱ ይተይበው።

ወደ ጥያቄያችሁ ስመጣ፦ ፓይተን። ለዚህ ዕድሜ ስክራች ያሳንሳቸዋል የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳውም፤ ለእናንተ የሚወስነው ማሽኑ ነው። የአሁኑ ስክራች 3 በዴስክቶፕ የሚጫነው ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ላይ ነው። ፓይተንም ቢሆን በዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ስሪት 3.8 ነው፤ 3.9 እና ከዚያ በኋላ ያሉት አይጫኑም። ብዙ ቡድን የመጀመሪያውን ቅዳሜ የሚያቃጥለው አዲሱን ስሪት አውርዶ በመምጣት ነው። የሚመቸው ቶኒ የሚባለው ኤዲተር ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች ብሎ የሠራው ሲሆን ፓይተንን በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁለት ነገር መጫን የለም። ለ32 ቢት ዊንዶውስ 7 የሚሆነውን፣ ፓይተን 3.8 ያለበትን ስሪት ለይታችሁ አውርዱ። ቀላል ስለሆነ 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስኬደ የእያንዳንዱን ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ዋጋ ጎን ላይ ያሳያል፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ አስተማሪ የለም።

ዝውውሩ በፍላሽ ስለሆነ ቫይረስ ይጠብቃችኋል። ላቡ ውስጥ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው አለ ብላችሁ ተነሱ። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል፤ በኮማንድ መስመር «አትሪብ» በሚለው ትእዛዝ ይገለጣሉ። ሆኖም ሾርትከቱን አትጫኑት። 3 ፍላሽ ያዙ፤ ወደ ላቡ የሚገባው ፍላሽ የግል ላፕቶፓችሁ ላይ ሳይፎርማት አይሰካ። የልጆቹን ሥራ የምትሰበስቡበት ፍላሽ ሌላ ይሁን።

ስለ 11ዱ የማይሠሩ ኮምፒውተሮች፦ ሁሉም የሞቱ አይደሉም። የአይሲቲ መምህሩን አስፈቅዳችሁ (የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ ሳይፈቀድ ብሎን አይፈታ) አንድ ከሰዓት ስጧቸው። ከመብራት ነቅላችሁ፣ የኬዙን ብረት ነክታችሁ፣ ራሙን አውጡና ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ በቀስታ አሽታችሁ፣ ብናኙን አራግፋችሁ መልሱት። ተነሥቶ እየጮኸ ስክሪን የማያሳይ ማሽን ብዙ ጊዜ በዚህ ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስበትና «ኤፍ 1 ተጫን» የሚለው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቆበት ነው። ራም ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዛውሩ ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 እንደማይገጣጠሙ አትርሱ፤ በጉልበት የሚገባ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከ11ዱ 3 ወይም 4 ቢነሡ በቂ ነው፤ የቀረውን ከአቅማችን በላይ ነው በሉ።

መብራቱንም አስሉት። አንድ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ እስከ 200 ዋት ይወስዳል ብላችሁ ያዙ። 14ቱ 2,800 ዋት ይሆናሉ፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 13 አምፔር። ሁሉም ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር ተቀጣጥሎ ባለ 10 አምፔር ብሬከር ባለው አንድ መስመር ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ያኔ «መብራት ሄደ» ይባላል፤ ኮሪደሩ ላይ ግን አለ። በሁለት መስመር ከፍሉት፤ ከግድግዳው ሶኬት ሁለተኛ ዲቫይደር አትቀጥሉ። መብራት በእርግጥ ሲሄድ ዲቫይደሮቹን አጥፉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው ፓወር ሰፕላይ የሚያቃጥለው።

ለመብራት መጥፋት የሚሆን ትምህርት በካርቶን አዘጋጅታችሁ ላቡ ውስጥ አስቀምጡ። አንዱ 5 ካርድ ነው፤ በላያቸው 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሣልባቸው። 5 ልጆች ፊት ለፊት ይሰለፉና ቁጥር ሲጠራ ካርዳቸውን ይግለጡ ወይም ይገልብጡ፤ 15 ሲባል የ16ቱ ብቻ ይገለበጣል፤ እስከ 31 ይደርሳሉ። ሌላው በአንድ ወገን ጥቁር የሆኑ 36 ካርዶች ነው። አንድ ልጅ 25ቱን 5 በ5 እንደፈለገ ይደርድር፤ ሜንተሩ «ትንሽ ላክብደው» ብሎ አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ሲጨምር በየረድፉና በየዓምዱ ያሉት ጥቁሮች ሙሉ በሙሉ ጥንድ ቁጥር እንዲሆኑ ያደርጋል። ከዚያ ፊቱን ሲያዞር አንድ ካርድ ይገልብጡ፤ ጥቁሩ ጎዶሎ የሆነበት ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበት ላይ ጣቱን ያደርጋል። ጥንቆላ ይመስላቸዋል። ዳታ ሲተላለፍ ስህተት የሚለየው በዚህ ሐሳብ ነው።

አሁን ስለ ይዘቱ። ትእዛዞቹን እዚህ በንባባቸው እጽፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው። 10 ቅዳሜ በ2 ሰዓት ማለት 20 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ስለ ኮምፒውተር ታሪክና ስለ ሃርድዌር ክፍሎች ንግግር ቦታ የለውም፤ ያንን በአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ተምረውታል። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ልጁ በፕሪንት የገዛ ስሙን በአማርኛ ስክሪን ላይ ማየት አለበት። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ያውቃል፤ የቫሪያብል ስም እንኳ «ዕድሜ» ወይም «ዋጋ» ብሎ መስጠት ይቻላል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያ አድርጉ፦ የቋንቋው ቃል የትኛው፣ እኛ የሰየምነው የትኛው እንደሆነ ዓይን ብቻውን ይለየዋል። አንድ ወጥመድ ግን አለው። የአማርኛ ኪቦርዱ እንደበራ ሁለት ነጥብ ሲጻፍ የግዕዝ «፡» ይወጣና ፓይተን አይቀበለውም፤ ለዓይን ግን አንድ ይመስላል። «ሁሉም ትክክል ነው፤ ግን እምቢ አለኝ» የሚል ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ይህን እዩ። ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ኮፒ የተደረገ ጥምዝ ትእምርተ ጥቅስም እንዲሁ ነው።

2ኛውን ቅዳሜ በተርትል (በትእዛዝ ሥዕል የሚሥለው የፓይተን ክፍል) አሳልፉት፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ልጆች ፋይላቸውን «ተርትል» ብለው ሴቭ ያደርጉታል። ከዚያ ፓይተን እውነተኛውን ተርትል ትቶ የልጁን ፋይል ራሱን ይጠራና «የለም» እያለ ያማርራል። ቀድማችሁ ብትነግሯቸውም ይደረጋል፤ ስለዚህ ፋይል ሁሉ በልጁ ስምና በሳምንቱ ቁጥር ይጠራ።

የምትሰጡት ልምምድ ከሚያውቁት ነገር ይውጣ። የአሜሪካ መማሪያ ላይ ያለውን የፒዛና የዶላር ጥያቄ መተርጎም ሥራ አይደለም። ለኢንፑት (ተጠቃሚው የሚጽፈውን ለሚቀበለው ትእዛዝ) የታክሲ መልስ ይሁን፦ የሰጠው ብር፣ የሰው ብዛት፣ ታሪፉ። ኢንፑት ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው የሚመልሰው፤ «50» ሲደመር «50» መቶ ሳይሆን 5050 ይሆናል። አስቀድማችሁ አትንገሯቸው፤ ይሳቁበት፤ ከዚያ ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ኢንት ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት ሁለት ደቂቃ ነው። ለኢፍ («ከሆነ» ለሚለው ትእዛዝ) ጳጉሜ ጥሩ ነች፦ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜ 6 ቀን፣ ካልሆነ 5። በ2015 ይሞክሩት፤ 3 ይተርፋል፤ ጳጉሜም 6 ነበረች። ለሊስት ደግሞ ዕቁብ። የ10 ሰው ስም ዝርዝር፣ በየሳምንቱ በራንደም አንድ ዕጣ ይወጣል። የመጀመሪያ ሙከራቸው ላይ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል፤ ሌላው ጭራሽ አይደርሰውም። «ይሄ ዕቁብ ዳኛ ፊት ያደርሳል» ብሎ የሚጮህ ልጅ ካለ ትምህርቱ ገብቷል ማለት ነው። የደረሰውን ከዝርዝሩ ማውጣት እንዳለባቸው ራሳቸው ይናገራሉ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምትሰጡት የፊደል ገበታው ይሁን፤ ለድርብ ፎር ሉፕ (ድግግሞሽ በድግግሞሽ ውስጥ) የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ ኦርድ የሚባለው ፋንክሽን «ሀ» ሲሰጡት 4608 ይመልሳል፤ «ለ» 4616 ነው፤ «ሉ» 4617። በተቃራኒው ሲ-ኤች-አር ቁጥሩን ተቀብሎ ፊደሉን ይሰጣል። ልጆቹ መጀመሪያ ይህን ብቻ ይነካኩ፤ ግዕዙን ወደ ካዕብ ለመለወጥ 1 መደመር እንደሚበቃ ያገኙታል። ቀጥሎ ገበታውን ያትሙ ተብለው ይለቀቁ። የውጪው ሉፕ ቤቱን፣ የውስጡ 7ቱን ቅርጾች ይዞራል። ማንም ልጅ የቤቱን ተራ ቁጥር በ7 አባዝቶ ይጀምራል፤ ፊደሉ 7 ነዋ። ያኔ ሁለተኛው ረድፍ በ«ለ» መጀመር ሲገባው አንድ ወደ ኋላ ተንሸራቶ በ«ሇ» ወይም በባዶ ሳጥን ይጀምራል፤ ሦስተኛው በ«ሎ»። ለምን? በዩኒኮድ (ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) እያንዳንዱ ቤት የተሰጠው ቦታ 8 ነው፤ 8ኛው እንደ «ሏ» ላሉት ነው። 7ቱን በ8 ሲቀይሩት ከሀ እስከ ቀ ያሉት 9 ረድፎች ቀጥ ብለው ይወጣሉ። 10ኛውን ይጨምሩና ደግሞ ይዩት፦ «ቈ» ይመጣል፣ 4681 ላይ ባዶ፣ ከዚያ «ቊ» «ቋ» «ቌ» «ቍ»፣ እንደገና ባዶ። ቈ ካዕብና ሳብዕ ስለሌለው ቦታው ተትቷል። በቃል የሚያውቁት ገበታ ስለሆነ ስህተቱን የሚነግራቸው ሜንተር አያስፈልግም። ዊንዶውስ 7 ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት ስላለው ቶኒ ውስጥ ያለ ችግር ይታያል፤ ጥቁሩ የኮማንድ መስኮት ላይ ግን ሳጥን ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ እዚያ አታስኬዱት።

የመጨረሻዎቹን 3 ቅዳሜዎች ለራሳቸው ፕሮጀክት ልቀቁ። ከ60 መስመር አይብለጥ። «ፌስቡክ የመሰለ ነገር» የሚል ቡድን ሁልጊዜ አለ፤ አሳንሱለት።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ይሁን። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ባለፈው የተሠራውን ማስኬድ፣ 15 ደቂቃ ከፊት ማሳየት (ከዚያ አይርዘም)፣ 45 ደቂቃ ሥራ፣ 15 ደቂቃ እረፍት፣ 30 ደቂቃ ሥራ፣ የቀረው 5 ደቂቃ ሴቭ ማድረግና ማጥፋት። እረፍት ላይ ዳቦና ውሃ መኖሩን እንደ ቅንጦት አትዩት፤ ቁርስ ያልበላ ልጅ 4 ሰዓት ላይ ስክሪን አያይም። ጾም ሲገባ ደግሞ ጨርሶ የማይበሉ ስለሚኖሩ ከባዱን ክፍል መጀመሪያ ላይ አድርጉት። ቂሊንጦ ካለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ወደ መሃል ከተማ የሚመጣ ሜንተር ካላችሁ በ2 ሰዓት ከግቢ ካልወጣ ይዘገያል፤ ከ4 ኪሎና ከ5 ኪሎ የሚመጣው ይክፈት። የትምህርት ቤቱንና የዩኒቨርሲቲውን የፈተና ሳምንታት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ 10ሩን ቅዳሜዎች አሁኑኑ ቁረጡ። ከጥቅምት 2ኛ ሳምንት ከተጀመረ ገና ሳይደርስ ያልቃል።

ከትምህርት ክፍላችሁ ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ፣ ከወላጅ የፈቃድ ፊርማ ሳይኖር አትጀምሩ። ቅዳሜ ቁልፉ ጥበቃው ጋር ይሁን የአይሲቲ መምህሩ ጋር፣ ሐሙስ ላይ በስልክ አረጋግጡ፤ በቁልፍ የተቃጠለ ቅዳሜ ከመብራቱ ይበልጣል። ሜንተርና ልጅ ለብቻቸው በተዘጋ ክፍል አይቀመጡ። በቴሌግራም የግል መልእክት አይኑር፤ መምህሩም ያለበት አንድ ግሩፕ ይብቃ። አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ከቀረ ሜንተሩ ለመምህሩ ይንገርና ወላጅ ጋር የሚደውለው መምህሩ ይሁን። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የታክሲ ብር ወይም ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ታናሽ ልጅ ነው፤ ሁለቱም በንግግር መላ አላቸው።

ሰርተፍኬቱን ስጡ፤ ግን በመገኘት ብቻ አይሁን። በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ሳምንት ሦስት ስህተት ያለበት ባለ 12 መስመር ፕሮግራም በወረቀት ስጧቸውና በ15 ደቂቃ ስንቱን ለብቻቸው እንዳገኙ መዝግቡ። ወረቀቱ ላይ «ኮምፒውተር ተምሯል» ከማለት ይልቅ ስንት ቅዳሜ እንደተገኘና ምን ፕሮግራም እንደጻፈ ይጻፍ። ስልክና ዳታ ያላቸው ልጆች ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና በኦንላይን መቀጠል ይችላሉ። ቤት ውስጥ ለመለማመድ ደግሞ ፓይድሮይድ 3 አንድሮይድ ስልክ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የትምህርት ክፍሉ ማህተም በአንድ ቀን ስለማይገኝ የስም ዝርዝሩን በ7ኛው ሳምንት አስገቡ፤ ስማቸውንም ከክፍል መዝገቡ ላይ ኮፒ አድርጉ፤ የአባት ስም የተሳሳተበትን ሰርተፍኬት እንደገና ማሳተም ሌላ ወር ነው።